ቴስተሩ 12 ቮልት ይላል፣ ዲቪአሩ ግን ይጠፋል

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና ወደ ውስጥ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ፓወር ሰፕላይ እጠግናለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ስላለ ነው የጻፍኩት።

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ማተሚያ ቤት የካሜራውን ዲቪአር (ምስል መቅጃ) አዳፕተር ሦስት ጊዜ ላከልኝ። 12 ቮልት፣ 2 አምፔር የሚል የተጻፈባት ጥቁር አዳፕተር ናት። ሦስቱንም ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ሰክቼ ለካኋት። ቴስተሩ 12.1 አለ። አንድ ሰዓት ተውኳት፤ አሁንም 12.1። ልጁ ይወስዳታል፣ በማግስቱ ይደውላል። የወረቀት መቁረጫው ማሽን ሲነሳ ዲቪአሩ ድርግም ይልና እንደ አዲስ ይነሳል። ሁልጊዜ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንደዚያ ነው።

የግድግዳውን ቮልቴጅ በእጅ እያዞሩ የሚቀንሱበት ቫሪያክ አለኝ። የቮልቴጅን መለዋወጥ በስክሪን የሚያሳይ ባለ ሁለት ቻናል ኦሲሎስኮፕም አለኝ። መግቢያውን ከ220 ወደ 160 ቮልት አወረድኩት። መውጫው 10 ሚሊቮልት እንኳ አልተነቃነቀም። ታዲያ መግቢያው ድንገት ሲለወጥ ፓወር ሰፕላይ የሚሆነውን በትክክል የሚለካው እንዴት ነው? የምትሠሩበትን መንገድ ንገሩኝ።

ጥያቄው ይህ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ 18 መልስ መጣ። ክሩ (የጥያቄውና የመልሶቹ ሰንሰለት) ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይጠፋበት በራሴ አባባል እዚህ አሰባስቤዋለሁ። ቁጥሮቹ የመልሶቹ ናቸው።

1ኛው መላሽ በጣም ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ዳታሺት (የዕቃው መግለጫ ወረቀት) ላይ ላይን ሬጉሌሽን የሚባል ቁጥር እንዳለ አስታወሰኝ። ለምሳሌ ኤልኤም317 የሚባለው ሬጉሌተር (ቮልቴጅ የሚያጸና ቺፕ) መግቢያው በ1 ቮልት ሲለወጥ መውጫው የሚለወጠው በ0.01 በመቶ አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ ከሆነ መጨነቅ እንደሌለብኝ ጻፈ።

2ኛው በትሕትና አረመው። ያ ቁጥር የሚለካው ሁሉም ነገር ከረጋ በኋላ ነው። መግቢያው ይቀየራል፣ ይጠበቃል፣ ከዚያ መውጫው ይነበባል። በመሀል የሆነውን አይናገርም። ምሳሌው ከጣሪያችን ላይ ነበር። ቧንቧ ሲመጣ ሮቶ ይሞላል፣ ሲሄድ ቤተሰቡ ከሮቶው ይጠቀማል። ቧንቧው ስንት ቀን ቢዘጋ ቤቱ ውሃ ያጣል? የሚወስነው የሮቶው ትልቅነትና የቤቱ ሰው ብዛት ነው። በአዳፕተር ውስጥ ሮቶው ዋናው ካፓሲተር ነው። 220 ቮልት ተጣርቶ ወደ 311 ቮልት የሚጠራቀመው እዚያ ነው። በእኛ 50 ኸርዝ በየ10 ሚሊሰከንዱ አንዴ ይሞላል፤ በመሀል ያለውን ጊዜ የሚያሻግረው እሱ ብቻ ነው።

3ኛው አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፈው። ጠረጴዛዬ ላይ ስለካ ምን ጭኜባት እንደነበር ጠየቀ።

ምንም አልጫንኩባትም ነበር። ጥያቄውን ሳነብ ወዲያው ገባኝ። ቤቱ ውስጥ ሰው ሳይኖር የሮቶውን ውሃ ይበቃል አይበቃም እያልኩ ነበር የምለካው። በማግስቱ የመኪና ፍሬን አምፖል ገዛሁ፤ 12 ቮልት፣ 21 ዋት። ይህን ስጽፍ ደግሞ 2ኛው ተመልሶ አምፖል ሲቀዘቅዝ ከመጠኑ ብዙ እጥፍ እንደሚስብ፣ ለልኬት የማይለዋወጥ ሬዚስተር እንደሚሻል ነገረኝ። 6.8 ኦም፣ 50 ዋት የሚችል አገኘሁ። 21 ዋት አካባቢ ይጭናል። ልክ እንደ ጀበና ነው የሚግለው፤ ከእንጨቱ ጠረጴዛ ላይ አንስቼ ሸክላ ላይ አስቀመጥኩት።

ጭኜባት ቫሪያኩን መልሼ 160 አደረስኩት። አሁንም አልወደቀችም። ይህንንም ጻፍኩ።

4ኛው መልስ የክሩ ትልቁ ነው። አምስት ኪሎ ላብራቶሪ ውስጥ የምታስተምር እህት ናት። አንቱ እያለች ነው የጻፈችልኝ። መጀመሪያ ከትንሹ እንድጀምር መከረች። 5 ቮልት የሚያወጣው 7805 ሬጉሌተር ይወሰድና መግቢያው ከ8 ወደ 12 ቮልት በአንዴ ይዘላል፤ 5 ቮልቱ ምን እንደሚሆን ይታያል። ሲወራ ቀላል ነው። ፈንክሽን ጀነሬተር (ሞገድ የሚፈጥረው መሣሪያ) ግን መውጫው 50 ኦም ስለሆነ ሬጉሌተር መመገብ አይችልም። ስለዚህ ሁለት የጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል። ዝቅተኛው በዳዮድ በኩል ይገባል፣ ከፍተኛው በሞስፌት (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) በኩል። ጀነሬተሩ የሚያዘው ሞስፌቱን ብቻ ነው። ሲበራ 12፣ ሲጠፋ 8።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገረችን። ሬጉሌተሩ መግቢያ ላይ የተለመደው ትልቅ ካፓሲተር ካለ ዝላዩ ዝላይ አይሆንም። 100 ማይክሮፋራድ ካለና ጭነቱ 100 ሚሊአምፔር ከሆነ፣ ከ12 ወደ 8 ለመውረድ 4 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ያ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ለልኬቱ ሲባል ካፓሲተሩ ይነሳል፣ 0.1 ማይክሮፋራድ ብቻ ይቀራል። የዝላዩ ፍጥነትም መታየት ያለበት ሬጉሌተሩ እግር ላይ ነው። ጀነሬተሩ ጋ ያለው ሌላ ነገር ነው።

ኦሲሎስኮፑን በተመለከተ፦ አንዱ ቻናል መግቢያ ላይ ሆኖ ትሪገሩን (ምስሉ መቼ እንደሚጀምር የሚወስነውን) ይይዛል። ሁለተኛው መውጫ ላይ ሆኖ በኤሲ ኮፕሊንግ (ቋሚውን ቮልቴጅ አስቀርቶ) ትንሿን ለውጥ አጉልቶ ያሳያል። የፕሮቡ (የመለኪያው ገመድ) ረጅም የግራውንድ ሽቦ ተነስቶ ጫፉ ላይ አጭሯ ስፕሪንግ ትገባለች። አለዚያ ሽቦው የለቀመውን ጩኸት የሬጉሌተሩ ጥፋት ነው ብሎ መጻፍ ይመጣል። የሚመዘገበው ሁለት ቁጥር ነው። መውጫው ምን ያህል ርቆ ሄደ? ተመልሶ እስኪረጋ ስንት ጊዜ ፈጀ?

ስለ ግድግዳው 220ም ጨመረች። አይኢሲ 61000-4-11 የሚባል ደረጃ አለ። ቮልቴጁ ለ20 ሚሊሰከንድ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ፣ ወይም ለግማሽ ሰከንድ ወደ 70 በመቶ ሲወርድ ዕቃው ምን እንደሚሆን ይፈተናል። 70 በመቶ ማለት በእኛ 154 ቮልት ነው። የመውረጃው ፍጥነት ከ1 እስከ 5 ማይክሮሰከንድ ይላል። እኔ ቫሪያኩን በእጄ ሳዞር ግማሽ ሰከንድ ይፈጅብኛል። ልዩነቱን ሳየው አፌን ያዝኩ።

5ኛው መልስ መርካቶ የሚሠሩ አንጋፋ ናቸው። እሳቸው ተቆጡ። ይህ ሁሉ የትምህርት ቤት ወሬ ነው አሉ። እሳቸው ሶኬቱን ነቀል ሰካ፣ ነቀል ሰካ ያደርጋሉ፤ ያለፈ አለፈ፣ የሞተ ሞተ። 4ኛዋን አንቺ ብለው፣ ካውያ ይዛ ታውቅ እንደሆነ ጠየቁ። ይህን ሳነብ ደስ አላለኝም። እሷ ያን ጊዜ መልስ አልሰጠችም።

የመለሰላቸው 6ኛው ነው። ጋሼ ብሎ፣ ልምዳቸውን አክብሮ ጀመረ። ነገር ግን በእጅ ሲነቀል ከዜሮ ወደ ጫፍ የሚመላለሰው የመብራቱ ሞገድ የት ላይ እንዳለ አይታወቅም። ዜሮ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ጫፉ ላይም ሊሆን ይችላል። አሥር ጊዜ ነቅሎ አሥሩንም በጎ ሰዓት ላይ ማግኘት አለ። ሶኬቱም ሲነካካ ብዙ ጊዜ ያበራል ያጠፋል። ስለዚህ ሶሊድ ስቴት ሪሌይ (በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በትንሽ ማይክሮኮንትሮለር እያዘዙ ማቋረጥ ይሻላል አለ። በዜሮ ላይ ብቻ የሚበራው ዓይነት እንዳይሆንም አስጠነቀቀ።

7ኛው ወጣ ብሎ ስለ ሕዳሴ ግድብ አነሳ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቆ፣ 5150 ሜጋዋት ይዞ፣ ለምን አሁንም አምፖል ይደበዝዛል? ስሜቱ ገብቶኛል፤ ብዙዎቻችን ጠይቀነዋል። 8ኛው ጨከን ብሎ መለሰለት። ግድቡ ያመነጫል፤ ቤት ውስጥ ቮልቴጅ የሚወርደው ግን ከትራንስፎርመሩ እስከ ሶኬቱ ባለው ሽቦ ላይ ነው። ትልቅ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል። ያን ያህል ኩረንት በቀጭን ሽቦ ሲያልፍ ቮልቴጁ እዚያው ይቀራል። በዚያው 6ኛውንም አረመ። ትራያክ ያለው ሪሌይ መሀል ላይ ማቋረጥ አይችልም፣ ኩረንቱ ዜሮ እስኪደርስ ይጠብቃል። በፈለጉት ቅጽበት ለመቁረጥ 600 ቮልት የሚችሉ ሁለት ሞስፌቶች ጀርባ ለጀርባ ያስፈልጋሉ።

9ኛዋ ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ልጅ ናት። ስለ ልኬት አይደለም የጻፈችው፤ ስለ እንጀራ ነው። እናቷ ምጣድ ሲያሟሹ የሳሎኑ መብራት ቀላ ይላል። ጎረቤትም ያን ቀን ከጋገረ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። እኔ ይህን ከርዕስ የወጣ አልለውም። ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይስባል፤ 16 አምፔር ማለት ነው። በመንገዱ ላይ ያለው ሽቦ በጠቅላላው 1 ኦም ካለው 16 ቮልት እዚያው ቀለጠ። ድንገተኛ የመግቢያ ለውጥ ማለት ይኸው ነው፣ በየቤታችን፣ በየሳምንቱ።

ከ10 እስከ 12 ክሩ ጋለ። 10ኛው የአዳፕተሩን ዋና ካፓሲተር በቀጥታ ለማየት የኦሲሎስኮፑን ግራውንድ እዚያ ሰካሁ አለ። ጧ ብሎ ቤቱ ጨለመ። የፕሮቡ ግራውንድ በኦሲሎስኮፑ ገመድ በኩል ከምድር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። 11ኛው መፍትሔ ብሎ የኦሲሎስኮፑን የኧርዝ እግር መቁረጥ ሐሳብ አቀረበ፤ እሱ ለዓመታት እንደዚያ ነው የሚሠራው። 12ኛው በጣም ተናደደ። እንደዚያ ሲደረግ የኦሲሎስኮፑ ብረት ራሱ 311 ቮልት ይሆናል፤ ቁልፉን ለማዞር እጅ የሚዘረጋ ሰው ይሞታል። እንዲህ ያለ ምክር ለወጣት ጠጋኝ የሚሰጥ ሰው መድረኩ ላይ መቆየት የለበትም እስከማለት ደረሰ። ቃሉ ከረረ፤ በፍሬ ነገሩ ግን ከእሱ ጋር ነኝ። የኧርዝ እግር የቆረጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱት።

4ኛዋ ገብታ አበረደችው። ዲፈረንሻል ፕሮብ (ግራውንዱ ከምድር ጋር የማይያያዝ) ያለው በእሱ ይለካል። የሌለው ካፓሲተሩን በቀጥታ ማየት አያስፈልገውም። ከመግቢያው ጋር 220ን ወደ 9 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር ትይዩ ተሰክቶ፣ በእሱ መውጫ ሞገዱ ይታያል። ሁለተኛው ቻናል 12 ቮልቱ ላይ ይሆናል። የትኛውም ፕሮብ 220ውን አይነካም። እኔ የሠራሁት እንደዚህ ነው። ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀልኩት ትራንስፎርመር ነበረኝ።

13ኛው መልስ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ነው፤ ምክንያቱም ስለ መብራቱ መሄድ ሳይሆን ስለ መመለሱ ነው። አዳፕተር ውስጥ ኤንቲሲ የሚባል ጥቁር ክብ ነገር አለ። ሲቀዘቅዝ 5 ኦም፣ ሲግል ከ1 ኦም በታች ነው። ሥራው መጀመሪያ ሲሰካ የሚገባውን ጎርፍ መገደብ ነው። መብራት ለአፍታ ጠፍቶ ሲመለስ ግን ኤንቲሲው ገና ትኩስ ነው። ካፓሲተሩ ባዶ፣ በሩ ክፍት። ሞገዱ ጫፉ ላይ ሳለ ከተመለሰ ፊውዙ ወይም ዳዮዶቹ ይሄዳሉ። በትራንስፎርመር ለሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው አለ። ለትራንስፎርመር ክፉው ሞገዱ ዜሮ ላይ ሳለ መሰካት ነው፤ ያን ጊዜ ብረቱ ከሚችለው በላይ ይሞላና ብዙ ይስባል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ፈተና መፈተን አይቻልም።

14ኛው ስለ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) መበጠስ ጻፈ። ያን ጊዜ አንድ ቤት ላይ 380 ቮልት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ጫፉ 537 ነው፤ 400 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር ይፈነዳል። እውነት ነው፤ የእኛ ጉዳይ ግን ያ አልነበረም።

15ኛውም እንደ 3ኛው በአንድ መስመር መጣ። ማተሚያ ቤቱ ስታብላይዘር አለው ወይ?

አለው። ዲቪአሩ የተሰካበት ዲቫይደር ከስታብላይዘሩ ነው የሚወጣው። እኔም ልጁም ይህን እንደ መልካም ነገር ነበር የቆጠርነው።

16ኛው መልስ የእኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ኦሲሎስኮፑንና ትንሿን ትራንስፎርመር ተሸክሜ አራት ኪሎ ወጣሁ። ልጁ መቁረጫውን አስነሳ። ቮልቴጁ ወደ 160 ወረደ። ስታብላይዘሩ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ስክሪኑ ላይ ሞገዱ ለ8 ሚሊሰከንድ ጠፍጣፋ መስመር ሆነ። ሪሌዩ ከአንዱ የትራንስፎርመር ጫፍ ለቆ ሌላውን እስኪይዝ ድረስ ምንም ቮልቴጅ አልነበረም። ከዚያ ከፍ ብሎ ተመለሰ። ዲቪአሩ ጠፋ። ልጁ ያችን ጠፍጣፋ መስመር በጣቱ ነክቶ፣ ይህቺ ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሷ ነበረች።

ማታውኑ አዳፕተሯን ከፈትኩ። ዋናው ካፓሲተር አላበጠም፣ አልፈሰሰም። 47 ማይክሮፋራድ ይላል። ስለካው 11 ሆኖ ተገኘ። ሂሳቡን ሠራሁ። 21 ዋት ለማውጣት ከካፓሲተሩ ወደ 25 ዋት ይሄዳል። አዳፕተሯን የሚያዘው አይሲ ሥራ የሚያቆመው ካፓሲተሩ ወደ 90 ቮልት ሲደርስ ነው። በ220፣ 11 ማይክሮፋራዱ 19 ሚሊሰከንድ ያህል ያሻግራል። በ160 ግን 9 ብቻ። ቮልቴጁ ዝም ብሎ ቢወርድ ካፓሲተሩ 90 ላይ ከመድረሱ በፊት፣ ከሞገዱ ጫፍ ቀድሞ መሞላት ስለሚጀምር ያልፋል፤ ለዚህ ነው ቫሪያኬ ምንም ያላሳየኝ። 8 ሚሊሰከንዱ በ220 ላይ ብቻውን ቢመጣም ያልፋል። ሁለቱ ሲገናኙ ይወድቃል።

17ኛው መልስ የመርካቶው ጋሼ ናቸው። ድምፃቸው ለስልሷል። ያላበጠ ካፓሲተር ደህና ነው ብለው ስንቱን እንደመለሱ ትዝ እንዳላቸው ጻፉ። ከዚያ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመሩ። ከማሞቂያ ብረቱ አጠገብ የተተከለ ካፓሲተር ቶሎ ስለሚደርቅ፣ በ105 ዲግሪ የሚሠራ እንጂ በ85 የሚሠራ አይተኩበት። 4ኛዋንም በዚያው ይቅርታ ጠየቁ፣ እርስዎ ብለው።

18ኛው የእሷ ነው። አመሰገነቻቸው፤ እኔን ግን አልለቀቀችኝም። አንድ ጊዜ መታየቱ አይበቃም አለች። ሁለቱን ሞስፌቶች ሠርቼ፣ 160 ቮልት ላይ፣ 8 ሚሊሰከንድ እየቆረጥኩ 30 ጊዜ እንድሞክር፣ በተለያየ የሞገዱ ቦታ። ክፉው ቦታ 6ኛው እንደገመተው ዜሮም ጫፍም እንዳልሆነም አስረዳች። ካፓሲተሩ በጣም የሚጎድለው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ከጫፉ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ቀድሞ። እዚያ ላይ ከተቆረጠ ያ መሙያ ያመልጠውና እስከ ቀጣዩ ሳይሞላ ይቆያል።

ሠራሁት። በአሮጌው ካፓሲተር ከ30ው 22 ጊዜ ወደቀች። ያለፈችባቸው 8ቱ ሁሉ ካፓሲተሩ ሞልቶ ባበቃበት አካባቢ የተቆረጡ ናቸው። ከዚያ አዲስ 47 ማይክሮፋራድ፣ 400 ቮልት፣ 105 ዲግሪ በየድኩላት። 30ውንም አለፈች። ክፉው ቦታ ላይ ሲቆረጥ 12 ቮልቱ በ140 ሚሊቮልት ወረደ፤ በ3 ሚሊሰከንድ ተመልሶ ረጋ።  አዳፕተሯ ሰኞ ጠዋት ወደ አራት ኪሎ ትሄዳለች።